ግማሽ ሄክታር ጓሮ፦ መጀመሪያ ውሃ፣ መጨረሻ ችግኝ

ሁለት ጥማድ ገደማ መሬት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ችግኝ ጣቢያ ነው። ሐምሌ ላይ ሃምሳ ችግኝ ይተክላል፣ ጎረቤት ያደንቃል፣ ጥር ላይ ግማሹ ጭራሮ ሆኖ ይቀራል። "ዘንድሮ ፀሐዩ ከረረ" ይባላል። በጋ ግን በየዓመቱ ይመጣል። የተዛባው ቅደም ተከተሉ ነው። ውሃው ይቅደም፣ አጥር ይከተል፣ ከዚያ ጉድጓድ፤ ችግኝ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው።

ይህ አሠራር ለወይና ደጋ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ1500 እስከ 2300 ሜትር ላለ ቦታ ማለት ነው። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ ወሊሶ ዙሪያ ያላችሁ እንዳለ ውሰዱት። ቆላ ወይም ደጋ ያላችሁ የዛፉን ዓይነትና የአንዳንዱን ሥራ ወር ቀይሩ፤ የቀረው ያው ነው።

ውሃውን በጀሪካን ቁጠሩት

በበጋ አንድ ካሬ ሜትር የአትክልት መደብ በቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል። 100 ካሬ ካላችሁ በቀን 500 ሊትር ነው። በባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 25 ጀሪካን ይሆናል። ይህንን ከጥቅምት እስከ ግንቦት አስቡት። ማን ይቀዳል? ከየት?

ዛፍ ውሃ ጨራሽ ነው ብሎ የሚፈራ ብዙ ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። አዲስ የተተከለ ችግኝ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለት ጊዜ አንድ አንድ ጀሪካን ካገኘ ይበቃዋል። ሃያ ችግኝ በሳምንት 800 ሊትር ነው። 100 ካሬ አትክልት ግን በሳምንት 3500 ሊትር ይፈልጋል። ውሃ ያጠረው ሰው መቀነስ ያለበት መደቡን ነው።

የጣሪያ ውሃም አለ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። 60 ካሬ ቆርቆሮ፣ በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አካባቢ፣ 60 ሺህ ሊትር ያወርዳል። የሚፈሰውን፣ የሚተነውን ቀንሱና 48 ሺህ በሉት። ደስ ይላል፤ ማስቀመጫ ካለ። 5000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሞልታችሁ ክረምቱ ቢወጣ ለ100 ካሬ የ10 ቀን ውሃ ነው ያላችሁ። ለ20 ካሬ ከሆነ ግን 50 ቀን ያስኬዳል። ስለዚህ የጉድጓድ ወይም የመስኖ ውሃ የሌለው ሰው በበጋ ከ20 ካሬ በላይ አትክልት አያስብ። የቀረውን መሬት ለዛፍና ለክረምት ሰብል ይተወው። መሬቱ ሰፊ ስለሆነ ብቻ ሁሉን ለማልማት ከመሯሯጥ ጎመን በጤና ይሻላል።

አጥርና አቀማመጥ

አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ከብቱ ሁሉ ይለቀቃል። ፍየል የአቮካዶን አናት አንዴ ከቀነጠበች ችግኙ አንድ ዓመት ወደኋላ ይመለሳል። ስለዚህ አጥሩ ከችግኙ ይቅደም። ቅንጭብ፣ ቃጫ ወይም ቁልቋል ዙሪያውን ጠጋ ጠጋ አድርጎ መትከል ርካሽ ነው። የቅንጭብና የቁልቋል ወተት ዓይን ክፉኛ ያቃጥላል፤ ቅርንጫፉን ስትቆርጡ ተጠንቀቁ፣ ትንንሽ ልጆች ካሉም ቃጫ ይሻላል። ሕያው አጥሩ እስኪደርስ እሾህ ደርድሩበት። ከአጥሩ ወደ ውስጥ አንድ ረድፍ ጌሾ ቢገባ ቦታ አይወስድም፣ የጠላና የጠጅ ወጪም ይቀንሳል።

የጎረቤት ባሕር ዛፍ ድንበራችሁ ላይ ካለ ጣጣ ነው። ሥሩ ርቆ ይመጣል፣ ውሃውንም ይመጥጣል። ፍሬ ዛፍ ቢያንስ ከ15 እስከ 20 ሜትር አርቁ። ድንበሩ ላይ አንድ ሜትር ገደማ ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሮ ሥሩን መቁረጥ የተለመደ ነው። ቦዩ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ካልታደሰ ግን ሥሩ ተመልሶ ይሻገራል።

አቀማመጡን በእግራችሁ ወስኑት። ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል የወጥ ቤቱ በር ላይ ይሁኑ፤ ወጥ ጥዳ የወጣች ሴት፣ ወንድም ቢሆን ያው ነው፣ ሃምሳ ሜትር አትሄድም። የአትክልት መደቡ ውሃው አጠገብ፣ የፍሬ ዛፉ ከዚያ ወዲያ። ዛፎቹ ከመደቡ በስተ ምዕራብ ቢሆኑ የጠዋቱን ፀሐይ አይከለክሉም፣ የከሰዓቱን ሐሩር ይጋርዳሉ። ሙዙን ልብስና ዕቃ የሚታጠብበት ውሃ በሚፈስበት ቦታ ትከሉት። በረኪና ያለበትን ውሃ ግን አታፍስሱበት። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ረድፉ ሁሉ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሂድ።

ኮምፖስት

ኮምፖስቱን ለክረምት ተከላ ለማድረስ መጋቢት ላይ ጀምሩ፤ ለመብሰል ሦስት ወር ከዚያም በላይ ይወስዳል። ጥላ ሥር፣ ስፋቱ አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ቦታ ምረጡ። ከሥር አየር እንዲገባ የተሰባበረ የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳ አንጥፉ። ከዚያ አንድ ጋት ያህል ደረቅ ነገር፦ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠል። በላዩ እርጥብ ነገር፦ አረም፣ የወጥ ቤት ልጣጭ፣ የቡና አተላ። በላዩ እበት ወይም የዶሮ ኩስ፣ ትንሽ አፈር፣ ነስነስ የተደረገ አመድ። ውሃ አርከፍክፉ፣ እንደገና ከደረቁ ጀምሩ። ቁመቱ እስከ ሰው ወገብ ሲደርስ በሣር ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኑት።

መሐሉ ላይ ረጅም እንጨት ሰክታችሁ ተዉ። ሁሉን ነገር የሚነግራችሁ እሱ ነው። ከሳምንት በኋላ መዝዛችሁ በእጃችሁ ያዙት። ሙቅና ወዛም ከሆነ ሥራው እየሄደ ነው። ሙቅ ሆኖ ከደረቀና ነጭ ሻጋታ ከያዘ ውሃ ጠምቶታል። ቀዝቃዛ፣ እርጥብና የሚሸት ከሆነ ውሃው በዝቷል፤ ገልብጡና ጭድ ጨምሩበት። በየሦስት ሳምንቱ የውጪውን ወደ ውስጥ ገልብጡ። የበሰለ ኮምፖስት ጠቆር ይላል፣ የዝናብ አፈር ይሸታል፣ የገባበት ነገር አይለይም። ያልበሰለ እበት ግን ሥር ያቃጥላል፣ የአረም ዘርም ይዘራላችኋል።

መደቡና አትክልቱ

መደብ ከአንድ ሜትር በላይ አይስፋ። ከሁለቱም ጎን እጃችሁ መሐሉ ላይ መድረስ አለበት፤ አንዴ ከተሠራ እግር አይረግጠውም። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ መተላለፊያው ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ይሁን። በክረምት ውሃ እንዳይተኛበት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት። በበጋ ደግሞ ውሃ እንዲይዝ ከመሬቱ ጋር እኩል ወይም ዝቅ ይላል። ለአንድ 5 ካሬ መደብ ሁለት ጆንያ የበሰለ ኮምፖስት ጥሩ ነው።

አራት መደብ ወይም በአራት የሚካፈል መደብ ሥሩ። አንደኛው ለጎመን ዘመዶች፣ ሁለተኛው ለሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ሦስተኛው ለቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች፣ አራተኛው ለፎሶሊያና ለባቄላ። በየወቅቱ አንድ መደብ ይሸጋገራሉ። ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አንዱን ነቅሎ በሌላው መተካት በሽታውን ማውረስ ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሰላጣና ቆስጣ ክፍተት በተገኘበት ይገባሉ። ካሮት መዛወር አይወድም፣ እዚያው ዘርታችሁ አሳሱት።

አሁን ወቅቱ። ክረምት ላይ ድንች፣ ጎመንና ባቄላ ያምራሉ። ቲማቲም በክረምት መትከል ግን ከዝናቡ ጋር መታገል ነው፤ ቅጠሉ ከዳር ጀምሮ ይጠቁራል፣ በቀናት ውስጥ መደቡ እንዳለ ይጠፋል። ቲማቲምና ሽንኩርት የበጋ ሥራ ናቸው። የሽንኩርት ዘር መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት ላይ ችግኝ መደብ ላይ ይዘራል፣ ከ45 እስከ 55 ቀን ሲሆነው ይዛወራል። ቦምቤ ሬድና አዳማ ሬድ የለመድናቸው ዝርያዎች ናቸው። ሲተከል በመስመሮቹ መካከል 20፣ በተክሉ መካከል 10 ሳንቲ ሜትር። ቲማቲም ከአራት እስከ አምስት ሳምንት ሲሆነው ይዛወራል፤ በመስመሮች መካከል 1 ሜትር፣ በተክሉ መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከአጠገቡ ካስማ። ቃሪያ ከሁሉም ይዘገያል፣ ዘሩን ቀደም አድርጉ።

ችግኝ መደብ ላይ ዘሩ እስኪበቅል በደረቅ ሣር ይሸፈናል። ብቅ ያለ ቀን ሣሩ ይነሳ። ሁለት ቀን ከዘገያችሁ ችግኙ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ይወድቃል። ለማዛወር ሳምንት ሲቀረው ውሃውን ቀነስ አድርጉ፣ የሚነቀልበት ቀን ጠዋት ግን አጠጡት። የሚተከለው ደግሞ አመሻሽ ላይ ነው።

ለድንች ጉደኔ ወይም በለጠ የሚባሉትን ዝርያዎች ፈልጉ። ዘሩን ጨለማ ውስጥ አታስቀምጡ። ብርሃን በሚያገኝ ጥላ ቦታ ላይ ዘርግቶ ማቆየት አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ይሰጣል፤ ጨለማ ውስጥ የበቀለው ነጭና ረጅም ሆኖ ሲነካ ይሰበራል። 75 በ30 ሳንቲ ሜትር ትከሉ። ቁመቱ አንድ ስንዝር ሲሆን አፈር አስታቅፉት፣ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ድገሙት። ፀሐይ ያየ ድንች አረንጓዴ ይሆናል፣ አረንጓዴ የሆነው ደግሞ አይበላም።

የሀበሻ ጎመን ከነሥሩ መንቀል ስስት ነው። ቅጠሉን ከታች እየቀነጠሳችሁ አናቱን ተዉት፤ ለሳምንታት ያበላችኋል።

ጉድጓዱ

የፍሬ ዛፍ ጉድጓድ ከተከላው አንድ ወር ተኩል ቀድሞ ይቆፈራል። ሚያዝያ መጨረሻና ግንቦት ማለት ነው። 60 በ60፣ ጥልቀቱም 60 ሳንቲ ሜትር። ሲቆፈር የላዩ 30 ሳንቲ ሜትር አፈር በአንድ ጎን፣ የታችኛው በሌላው ጎን ይከመር። ቀን ሠራተኛ ካሠራችሁ ይህን አጠገቡ ቆማችሁ ተናገሩ። ካልተባለ ሁለቱን አንድ ላይ ይከምረዋል፤ ከዚያ በኋላ መለየት የለም።

ጉድጓዱ አፉን ከፍቶ ፀሐይ ይመታው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ፈተና አለ፣ በተለይ ለአቮካዶ። አንዱን ጉድጓድ ውሃ ሙሉት። ይስረግ፤ እንደገና ሙሉትና ለሊቱን ተዉት። ጠዋት ውሃ ካያችሁ እዚያ ቦታ አቮካዶ አይተከልም። መረሬ አፈር ላይ ይህ የተለመደ ነው። የአቮካዶ ሥር ውሃ ውስጥ ከቆመ ሥር የሚያበሰብሰው በሽታ ይይዘዋል። ዛፉ ሦስት አራት ዓመት ካደገ በኋላ ከአናቱ መድረቅ ሲጀምር የሚረጭለት መድኃኒት ይፈለጋል። ችግሩ ከታች ነው፣ ያኔ ደግሞ መሽቷል። ሌላ ቦታ ከሌላችሁ 50 ሳንቲ ሜትር ከፍታ፣ ሁለት ሜትር ስፋት ያለው የአፈር ቁልል ሠርታችሁ እላዩ ላይ ትከሉ፣ ዙሪያውን ውሃ ማፋሰሻ ቦይ አውጡ። ወይም እዚያ ቦታ ሙዝ ይግባ።

ርቀቱን በገመድ ለኩ፣ በዓይን አይሆንም። ለአቮካዶ ከ7 እስከ 8 ሜትር፣ ለማንጎ ከ8 እስከ 10፣ ለሎሚና ብርቱካን ከ5 እስከ 6፣ ለኮክ ከ4 እስከ 5፣ ለፓፓያና ለቡና ከ2 እስከ 2 ተኩል። ችግኙ ትንሽ ሲሆን መሐሉ ባዶ ይመስላል፤ እጃችሁን ያሳክካችኋል። እስከ ሦስተኛው ዓመት ፎሶሊያ ወይም ባቄላ ዝሩበት። በአቮካዶ መካከል ግን ቲማቲም፣ ቃሪያና ድንች አታስገቡ። አፈር ውስጥ የሚቆይ የሚያጠወልግ ፈንገስ ይጋራሉ።

ችግኝ ስትገዙ

ከፍሬው የበቀለ አቮካዶ ለማፍራት ስድስት ሰባት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል፣ የሚያፈራውም እናቱን ላይመስል ይችላል። የተዳቀለው በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ይጀምራል። ስለዚህ የተዳቀለ ግዙ፤ ማረጋገጫው ወሬ ሳይሆን ጠባሳው ነው። ግንዱን ከታች ወደ ላይ በጣታችሁ ዳብሱት። ሥሩ ከአንድ ዛፍ፣ አናቱ ከሌላ ስለሆነ የተጣበቁበት ቦታ ላይ ጎበጥ ያለ ጠባሳ ይነካችኋል። ጠባሳው የታለ ስትሉት ወሬ የሚያበዛ ነጋዴ ካጋጠማችሁ መንገዳችሁን ቀጥሉ። ፕላስቲኩ ከሥሩ ተቀዶ ሥር ወደ መሬት የገባበት ችግኝም አይሆንም፣ ሲነሳ ሥሩ ይቆረጣል። ትልቁን አትምረጡ። የእርሳስ ውፍረት ያለው፣ ቅጠሉ ጤነኛ፣ ቁመቱ መካከለኛ የሆነ ይበልጣል።

ዝርያው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአቮካዶ አበባ ሁለት ጊዜ ይከፈታል፤ አንዴ እንደ ሴት፣ አንዴ እንደ ወንድ። ሃስ፣ ፒንከርተንና ሪድ ጠዋት በሴትነት ይከፈታሉ፣ በማግስቱ ከሰዓት በወንድነት። ፉዌርቴ፣ ኤቲንገርና ናባል ተቃራኒው ናቸው፤ ሴትነታቸው ከሰዓት፣ ወንድነታቸው በማግስቱ ጠዋት። ሁለቱም ወገን ግቢ ውስጥ ካለ ንብ የአንዱን ለሌላው ታደርሳለች። ስምንት አቮካዶ የሚተክል ሰው ስድስት ሃስና ሁለት ፉዌርቴ ወይም ኤቲንገር ቢያደርግ ጥሩ ነው። ሃስ ሲበስል ይጠቁራል፣ ፉዌርቴና ኤቲንገር አረንጓዴ እንደሆኑ ነው የሚለሰልሱት።

ማንጎ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከ1500 ሜትር በታች ያላችሁ እሱን አብዙ። ከ2400 በላይ ያላችሁ ደግሞ ፖም፣ ፕሪምና ኮክ። ጋሞ ውስጥ ጨንቻ በፖም የታወቀችው ብርዱ ስላላት ነው። ፖምም ብቻውን አይተከልም፤ አና የሚባለው ዝርያ ከተተከለ ዶርሴት ጎልደን የሚባለው አጠገቡ ይኑር።

ፓፓያ ወንድና ሴት አለው፣ እስኪያብብ አይታወቅም። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ትከሉ። አበባው በረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥሎ ከመጣ ወንድ ነው። ለአሥር ሴት አንድ ወንድ አስቀሩ፣ ሌላውን ንቀሉ።

ተከላውና የመጀመሪያው በጋ

ዝናቡ መሬቱን በደንብ ሲያረጥበው፣ ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ መግቢያ ላይ ትከሉ። የላይኛውን አፈር ከሁለት ቅርጫት ኮምፖስት ጋር ቀላቅሉና መጀመሪያ እሱን መልሱ። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ ወደ ታች ቅደዱት፣ አፈሩ እንዳይበተን ከሥር ደግፋችሁ አስገቡት። ከነፕላስቲኩ የሚቀብርም አለ፣ አታድርጉት። የችግኙ አፈር ከመሬቱ ትንሽ ከፍ ይበል፣ አፈሩ ሲረጋ ይወርዳል። የተዳቀለበት ጠባሳ ከአፈር በላይ መቅረት አለበት። ዙሪያውን በእግር ጫና ሳታበዙ ጠቅጠቅ አድርጉ፣ ካስማ ትከሉና ግንዱን በስምንት ቁጥር ቅርጽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩ። በዚያው ቀን፣ ዝናብም ቢኖር፣ አንድ ጀሪካን ውሃ ይጠጣ።

መስከረም ላይ ዝናቡ ሳይቆም ጉዝጓዝ አድርጉ። አንድ ሜትር ዙሪያ፣ አንድ ስንዝር ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ሣር። ግንዱን ግን እንዳይነካ አንድ ጋት ራቅ ይበል። ምስጥ ባለበት አገር ጭዱን ትታችሁ ኮምፖስት ወይም ትንንሽ ድንጋይ ተጠቀሙ። በስተ ምዕራብ በኩል ከዘንባባ ቅጠል ወይም ከጆንያ ጥላ አቁሙ፤ ለጋ ግንድ በከሰዓት ፀሐይ ይሰነጠቃል። ኖራ በውሃ በጥብጦ ግንዱን መቀባትም ይረዳል።

ከጠባሳው በታች የሚያቆጠቁጠውን ባያችሁት ቁጥር ቀንጥሱት። እሱ የሥሩ ዛፍ ነው። ከተተወ ያሸንፍና የገዛችሁት አናት ይሞታል። በመጀመሪያው ዓመት ያበበውንም አራግፉት።

ተባይ

የሚረጭ ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጣችሁ እዩ። ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚባሉት ጥቃቅን ነፍሳት ካሉ በአንድ ሊትር ውሃ አንድ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጣችሁ ከሥር ወደ ላይ እርጩ፣ በሦስተኛው ቀን ድገሙ። ቆራጭ ትል ለሊት ችግኝ ከአንገቱ ይቆርጣል፤ ጠዋት የወደቀው ችግኝ ሥር አፈሩን ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። በእጅ ይለቀማል። ቲማቲም ቅጠል ላይ ነጭ የተቦረቦረ መስኮት የመሰለ ነገር ካያችሁ ቱታ አብሶሉታ የሚባለው ተባይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ቅጠሉን ወዲያው ቁረጡ፣ በፕላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ላይ ጣሉት፤ ኮምፖስት ውስጥ አይገባም። አበባ ባለበት ሰዓት ኬሚካል መርጨት ንቡን ማጥፋት ነው፣ ያለ ንብ ደግሞ ፍሬው ይመነምናል።

ፍልፈል ድንቹንም የዛፍ ሥሩንም ይበላል። አዲስ የአፈር ጉብታ ባያችሁ ቀን ተከታተሉት፤ ሳምንት ከቆየ መንገዱ ጓሮውን አዳርሷል።

የወደቀ ማንጎ፣ ዘይቱንና ብርቱካን መሬት ላይ አያድር። የፍራፍሬ ዝንብ ትል ውስጡ አለ፣ ወደ አፈር ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይወጣል። በየቀኑ ለቅማችሁ ግማሽ ሜትር ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ፣ ወይም በጥቁር ፕላስቲክ አስራችሁ ፀሐይ ይቀቅለው።

ለቀማ

አቮካዶ ዛፉ ላይ አይለሰልስም። መድረሱን ለማወቅ አንድ ትልቅ ፍሬ ቁረጡና ቤት አስቀምጡ። ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌሎቹም ደርሰዋል። ከተጨማደደና እንደ ጎማ ከሆነ ሁለት ሳምንት ጠብቁና ድገሙት። በዱላ አታራግፉ፤ የወደቀ አቮካዶ ደህና ይመስልና ቤት ውስጥ ይጠቁራል። አጭር ጭራ አስቀርታችሁ በመቀስ ቁረጡት፤ ጭራው ከተነቀለ በዚያ በኩል መበስበስ ይጀምራል። ረጅም ዛፍ ላይ ላለው በእንጨት ጫፍ ላይ ከረጢት አስራችሁ ከላዩ ምላጭ አድርጉበት፣ ፍሬው ከረጢቱ ውስጥ ይወድቃል። ሁሉን በአንድ ቀን መልቀም አያስፈልግም፤ የደረሰ አቮካዶ ዛፉ ላይ ለሳምንታት ይቆያል፣ ገበያው ሲረክስ እዚያው ማቆየት ይቻላል።